ተከዜ የተባለችው ወፍ

ሰቆጣ፣ አያቴ ግቢ ውስጥ፣ ከጌሾው አጠገብ ራስ ክምር በቅሎ ነበር። ማንም አልተከለውም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ብርቱካንማ አበባው ክብ ክብ እየሆነ፣ በአንድ አገዳ ላይ ፎቅ እንደሚሠራ ሰው ይደራረባል። ዝናቡ ፋታ በሰጠባቸው ጠዋቶች አንዲት ወፍ እዚያ ላይ ታርፋለች። ጥቁር ናት ብለህ ሳትጨርስ ፀሐይ ብቅ ካለች ሐምራዊ ትሆንብሃለች፤ አንገቷን ዞር ስታደርግ ደግሞ ነሐስ። ምንቃሯ እንደ ወስፌ ቀጭን ነው፣ ጫፉ ወደ ታች ቆልመም ያለ። ከጭራዋ መሀል ሁለት ረጃጅም ላባዎች ይወጣሉ። (በነገራችን ላይ «እሷ» እያልኩ የማወራላት ወፍ ወንድ ነው። ሴቷ አመዳም ቡናማ ናት፤ ያን ጊዜ ሌላ ወፍ ትመስለኝ ነበር።)

«ስሟ ማን ነው?» ብዬ አያቴን ጠየቅኳቸው።

«ወፍ ናት እንጂ ልጄ፣ ሌላ ምን ትባላለች?» አሉኝ።

አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር ወፍ ስም የሚወጣለት ወይ እህል ሲጨርስ፣ ወይ ጫጩት ሲነጥቅ፣ ወይ ጥንብ ሲበላ ነው። የአበባ ውኃ መጥጣ የምትሄድ ወፍ ከማንም ጋር ክርክር የላትም። እኔ ራሴ ወፍን የማውቀው በወንጭፍ በኩል ነው። ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ መጮህ የልጅ ሥራ ነበር፤ የወፍ ዓይነት መለየት ሳይሆን የትኛው መንጋ ወደ ማን ማሳ እንደሚዞር ማወቅ ነበር ቁም ነገሩ።

ስሟን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ነው፤ አንድ ጓደኛዬ ጋ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ወፎች በሥዕል የተደረደሩበት መጽሐፍ ውስጥ። ገጹን ስገልጥ የአያቴ ግቢ ወፍ ተቀምጣለች። ከሥሯ «ታካዜ ሰንበርድ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተከዜ? የእኛ ተከዜ?

የእኛው ነው። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው፣ ዋግን ከሰሜንና ከበለሳ የሚለየው፣ ወርደን የማንጨርሰው ገደል። ይህች ወፍ ኬንያም፣ ኡጋንዳም፣ ታንዛኒያም ተራሮች ላይ አለች። ናይሮቢ የሚኖር ወፍ ተመልካች በእረፍት ቀኑ ወደ ደጋ ወጥቶ ሲያያት ሳያውቀው የወንዛችንን ስም ይጠራል። እንዴት እዚያ ደረሰ?

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1814 ለንደን ላይ በታተመ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። መጀመሪያ በ1805፣ ሁለተኛ ደግሞ በ1810 ወደ አገራችን መጥቷል። በሁለተኛው ጉዞው ከእንግሊዝ ንጉሥ ለጎንደሩ ንጉሥ የተላከ ደብዳቤና ስጦታ ይዟል። ግን ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ጎንደር ያለው ንጉሥ ዘውድ እንጂ አገር የለውም። ትግራይን የያዙት ራስ ወልደ ሥላሴ ጨለቆት ላይ ተቀበሉት፣ አስተናገዱት፤ ጎንደር ግን ሳይደርስ ቀረ፤ ስጦታውም እዚያው ራስ ዘንድ ቀረ።

መንገድ የተዘጋበት ሰው ምን ያደርጋል? ሶልት ተከዜን ለማየት ወረደ። በአበርገሌ በኩል ነው የሄደው። አበርገሌ ዛሬ በሁለት ክልል የተከፈለ ስም ነው፤ ትግራይም አበርገሌ የሚባል ወረዳ አለ፣ ዋግም አለ። ሶልት ወንዙ ዳር ሲደርስ ጉማሬዎች ጥልቅ ጥልቅ ባለው ውኃ ውስጥ ብቅ ጥልቅ እያሉ አገኛቸው። ታዲያ የዚያ ዘመን ተጓዥ የመጀመሪያ ሰላምታው የታወቀ ነው፤ ተኮሱባቸው። አዞም አይቷል። ገለጻው ረጅም ነው፣ እውነቱን ለመናገር ከመጽሐፉ ውስጥ በጣም ሕይወት ካላቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሰውየው ዲፕሎማት መሆኑን ረስቶ እንደ ልጅ ገደል ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ጉማሬ ሲጠብቅ ታየዋለህ።

ከዚያ ተመለሰ። ወደ ቀይ ባሕር ወርዶ በመርከብ አገሩ ሲገባ፣ ከኢትዮጵያ የሰበሰባቸው የደረቁ ወፎች አብረውት ነበሩ። ወፎቹን አይቶ ዝርዝር ያወጣው ሌላ ሰው ነው፤ ኤድዋርድ ስታንሊ ይባላል፣ በኋላ 13ኛው የደርቢ ኧርል የሆነው። ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የሶልት መጽሐፍ መጨረሻ ላይ በተጨመረው አባሪ ውስጥ ግን ለወፎቻችን የላቲን ስም ሰጠ። ሐምራዊዋን «ታካዜ» አላት። ግንባሩ ቀይ የሆነውን አረንጓዴ በቀቀን ደግሞ «ታራንታ» አለው። ታራንታ ከምጽዋ ወደ ደጋ ሲወጣ የሚያልፉት አቀበት ነው። ካርታ ላይ ስታያቸው ደስ የሚል ነገር አለ፤ ሶልት ወደ ደጋው የገባበት አቀበትና ዞሮ የተመለሰበት ወንዝ ሁለቱም ወፍ ሆነው ቀሩ። ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ አልተቀየሩም፤ ከኋላቸው «ስታንሊ፣ 1814» ተብሎ ይጻፋል።

የሶልት ስምም ለራሱ አንዲት እንስሳ ላይ ተለጥፏል፤ በቆላ ቁጥቋጦ ውስጥ የምትሾልከው፣ ከጥንቸል ብዙም የማትበልጠው ሚዳቋ መሰል። የሳይንስ ስሟ የፊተኛው ክፍል «ማዶቋ» ነው፣ ማለትም የእኛው «ምዳቋ»። የሚያስቀው፣ በአማርኛ ምዳቋ የምንለው ሌላ እንስሳ መሆኑ ነው። ስሙ መንገድ ላይ ባለቤት ቀየረ።

እዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሰቆጣም አለች። ሶልት ራሱ አልመጣም። የመጣው ናትናኤል ፒርስ ነው፤ ከመርከብ ደጋግሞ የኮበለለ መርከበኛ፣ በ1805 እዚህ ቀርቶ ራስ ወልደ ሥላሴን ያገለገለ። አሸንጌን አይቶ፣ ላስታን አቋርጦ፣ የዋግ ዋና ከተማ ሰቆጣ ደርሶ፣ ከዚያ ተከዜን ተሻግሮ ሰሜን ገብቷል። ሶልት የፒርስን ወሬ በራሱ መጽሐፍ ውስጥ አስገባው። ያኔ ሰቆጣ ማለት ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ጨው ተራግፎ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚከፋፈልበት ትልቅ ገበያ ነበረች። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ልናገር? እፎይታ ነበር። የእኔ ትውልድ ሰቆጣ ሲባል የሚሰማው አንድ ነገር ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ያወጣው ዕቅድ እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው የሚባለው። ዓላማው መልካም ነው፣ አልቃወምም። ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተህ «ከየት ነህ?» ስትባል፣ መልስህን የሰማው ሁሉ ፊቱ በሐዘን ሲለሰልስ፣ ከተማህ የበሽታ ስም የሆነች ይመስልሃል።

ከሶልት በኋላ ሌሎችም መጡ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ተከዜን ተሻግሮ ሰሜን ተራሮች ወጣ። ቀይ ቀበሮን፣ ዋልያን፣ ጭላዳን ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። «ጭላዳ» እና «ዋልያ» በላቲን ስማቸው ውስጥ እንዳሉ አሉ። ሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሄደህ ከሆነ፣ የዋግ ሹሞች አስከሬን ያለበት ከአንድ ዓለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን፣ ያን ዓይነት ገደል የምትወደውን አንገቷ ላይ ነጭ ማተብ ያሰረች የምትመስል እርግብ ታውቃታለህ። እሷንም የመዘገበው ሩፔል ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለችም። የዋግ ቆላና ደጋ ለማንም ባዶ አልነበረም፤ ባዶ የሆነው በወሬ ብቻ ነው።

አሁን ግን ወደ ክረምት ልመለስ። ክረምት በዋግ አጭር ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ዘንቦ ከቆመ ጥሩ ዓመት ተባለ። በዚያ አጭር ጊዜ ሁሉም ነገር ይጣደፋል። ሽመላዎች ይመጣሉ፣ ሆዳቸው ነጭ ጀርባቸው ጥቁር፤ የታረሰ መሬት ላይ አንበጣና ትል ይለቅማሉ። በ2013 ዓ.ም. መስከረምና ጥቅምት የበረሃ አንበጣ መንጋ ሰማዩን ሲሸፍን ሽመላውም ሰውም አልቻለውም። ያን ዓመት የአጎቴ ማሽላ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ጥቅምት ሳያልቅ ደግሞ ጦርነቱ ተጀመረ።

የመስቀል ወፍም የክረምት ልጅ ናት። «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ» የሚለውን ተግሣጽ ያልሰማ የለም። ብዙ ሰው ወፏ ከሆነ አገር መጥታ መስቀልን አክብራ የምትሄድ ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው። የትኛዋ ወፍ እንደሆነች ግን ሰው ሁሉ አይስማማም። አንዱ እሳት የመሰለችውን ቀይና ጥቁር ያሳይሃል፣ ሌላው ቢጫና ጥቁሯን፣ ሌላው ጭራዋ ከራሷ ሁለት እጥፍ የሚረዝመውን። እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት ነገር አለ፤ የትም አይሄዱም። ወንዶቹ ዝናብ ሲመጣ ለመራቢያ ልብሳቸውን ይቀይራሉ፣ በጋ ሲሆን አውልቀው እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆነው ከሴቶቹ ጋር ይደባለቃሉ። ዓመቱን ሙሉ ማሽላችን ላይ የነበሩት እነሱ ናቸው። በጥር በወንጭፍ ያባረርኳት ቡናማ ወፍ፣ በመስከረም «እንኳን ደህና መጣሽ» ያልኳት ቀይ ወፍ ናት። ይህን ባወቅኩ ቀን ትንሽ አፈርኩ።

ስለ ውኃ ዳር ደግሞ። ዋግ ባሕር ዳር የላትም፤ ነበር። የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 188 ሜትር ቁመት ነበረው፣ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከጀርባው የተኛው ውኃ አበርገሌ፣ ዝቋላና ሳህላ ድረስ ገብቶ ገደሉን ሐይቅ አደረገው። ፍየል ሲጠብቁ ያደጉ ወጣቶች ተደራጅተው ዓሣ አጥማጅ ሆኑ፤ ቆሮሶና አምባዛ ሰቆጣ ገበያ ገባ። አያቴ እስከ ዛሬ አልቀመሱም፣ «የተከዜን ነገር አልበላም» ይላሉ፣ ምክንያቱን ግን አይነግሩም።

አንድ ጊዜ ወርጄ አይቻለሁ። ሐይቁ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ጭቃማ ሜዳ ጥሎ ይሄዳል። እዚያ ጭቃ ላይ ሳቢሳው፣ ይብራው፣ ራሱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኝ ንስር ተሰብስቧል። በሕይወት ዘመኔ ደረቅ ገደል ሆኖ የማውቀው ቦታ ነው። ማታ ላይ ከውኃው መሀል አንድ ትልቅ ትንፋሽ ሰማን። አብሮን የነበረው ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን ወደ ዳር እየሳበ «ጉማሬ ነው፣ አትቅረቡ» አለን። ከሶልት በኋላ ሁለት መቶ ዓመት አልፎ፣ መሬቱ ራሱ ተቀይሮ፣ እነሱ አሉ። የመቱት እነማን እንደሆኑ እኛ እናነባለን፤ እነሱ ይህንንም አያውቁ።

የፈለግኩትን ወፍ ግን አላየሁም። አያቴ ግቢ ያለችው ወፍ የደጋ ናት፤ ብዙውን ጊዜ የምትኖረው ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። ሐይቁ ያለው ወደ 1,100 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ሙቀቱ ያፍናል። ስሟን የሰጣት ወንዝ ዳር አትወርድም።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ቤተሰቦቼ ወጡ። አያቴ መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ በኋላ በሰው ጀርባ ሄዱ። ነሐሴ 16 የሻደይ ቀን ነው፤ ልጃገረዶች ረጅም ለምለም ሣር ቆርጠው ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ቤት ለቤት የሚጨፍሩበት። ያን ዓመት ታናሽ እህቴ ሻደይን ያሳለፈችው ሰው ቤት፣ ወገቧ ላይ ምንም ሳታስር ነው። በስልክ ያወራችኝ ስለ ጥይት አልነበረም። «ሣሩ እኮ እንዲሁ አድጎ ይደርቃል» ነበር ያለችኝ።

ከጦርነቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የገባሁት በነሐሴ ነበር። አጥሩ በከፊል ፈርሷል፣ ጌሾው ደርቋል። ራስ ክምሩ ግን ማንም ሳይነካው ተስፋፍቶ የግቢውን ሩብ ይዟል። አያቴ ማጭድ ይዘው ሊያጸዱት ቆመዋል።

«እማማ፣ ይተዉት እባክዎ» አልኳቸው። ስለ ወፏ ነገርኳቸው። ስለ ሶልት፣ ስለ መጽሐፉ፣ በዓለም ሁሉ በወንዛችን ስም እንደምትጠራ። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ማን ነው ተከዜ ያላት?»

«ፈረንጅ ነው። በመጽሐፍ።»

ሣቁ። «ተከዜ ወርዶ አይቷት ነው? እሷ እኮ ቆላ አትወድም። ብርድ ነው የምትወድ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፣ ከዚች ከእኛ ሰፈር ወደ ታች ስትወርድ አይቻት አላውቅም።»

ማጭዱን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወደ ቤት ገቡ። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ራስ ክምሩ ታጭዷል፤ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለችው አንዲት ጥግ ብቻ እንዳለች ናት።