የቀድሞ ዘመን ማዕድና የታሪክ ትምህርት

በታሪካዊ ድራማና ፊልም የግብር ትዕይንት ሲቀርብ ተመልካች በደስታ ይከታተለዋል፤ ተማሪም ያየውን እንደ እውነተኛ ታሪክ ይይዘዋል። ስለሆነም የሚታየው ምግብ ከዘመኑ ጋር መስማማቱን መመርመር የታሪክ መምህር ተግባር ነው።

ለዚህ ምርመራ ምዕራብ ጎጃም ምቹ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ በርበሬና በቆሎ በሰፊው ስለሚመረቱ ከጥንት የነበሩ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ የሁለቱም መገኛ አሜሪካ ነው፤ ወደ ቀረው ዓለም የተሠራጩት እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። እንግዲህ ከ1314 እስከ 1344 በነገሡት በዐፄ ዓምደ ጽዮን ማዕድ ላይ በበርበሬ የቀላ ወጥ የሚያቀርብ ድራማ ዘመን አፋልሷል ማለት ነው። ጤፍ፣ ማርና ኮረሪማ ግን የአገሩ ጥንታዊ ሀብቶች ናቸው።

የወጥ አሠራር ከእናት ወደ ልጅ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ቢሆንም የጽሑፍ ማስረጃ አልጠፋም። ሥርዓተ ግብር የተባለው ሰነድ የመካከለኛውን ዘመን የቤተ መንግሥት ግብር ይዘረዝራል። በ1770 ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ጥሬ ሥጋ በበርበሬና በጨው ተነስንሶ፣ በጤፍ እንጀራ ተጠቅልሎ እንደሚበላ ጽፏል። ከዚህም በርበሬ በዚያ ዘመን በአገሩ ማዕድ እንደ ገባ መረዳት ይቻላል።

በመሆኑም ድራማው ስሕተት ቢኖርበትም ከክፍል መወገድ የለበትም። ተማሪዎች በቤታቸው የሚበላውን መዝግበው እያንዳንዱ እህልና ቅመም ከየት እንደ መጣ ቢለዩ፣ የገዛ ገበታቸው የታሪክ ሰነድ መሆኑን ይገነዘባሉ።