ሞፈር የተሰቀለበት ቀን

«ሰነፍ ገበሬ ይሞታል በሰኔ» ይላል ያገራችን ሰው። ከተማ የኖረ ሰው ይህ ተረት ስለ እርሻ ብቻ የተነገረ ይመስለዋል። ገጠር ያደገ ግን ሌላም ነገር ይሰማበታል። በሰኔ የሚሞተው በሬውን ያላበረታ፣ ማረሻውን ያላሳለ ገበሬ ብቻ አይደለም፤ ጣራውን ሳይከድን፣ አጥሩን ሳያጥር፣ ኩበቱን ሳይከምር ዝናብ የደረሰበትም ጭምር ነው። እንግዲህ የሰኔው ሞት የሚፈረደው በጥርና በየካቲት ነው ማለት ነው።

በባሕረ ሐሳባችን አቆጣጠር በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ድረስ ያለው ወቅት ነው። ሰማዩ ይራቆታል፤ መሬቱ ይሰነጣጠቃል፤ የምንጩ ውኃ እንደ ክር ይቀጥናል። አውድማው ከተነሣና እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ገበሬው ሥራ የሚፈታ፣ ከሠርግ ወደ ማኅበር፣ ከማኅበር ወደ ዝክር የሚዞር አድርገን እናስበዋለን። ሠርጉም ማኅበሩም አለ። ነገር ግን የገጠር ቤት ካልተጠበቀ ክረምትን የማይሻገር ነገር ነው። ሣሩ ይበሰብሳል፤ ማገሩን ምስጥ ይበላዋል፤ የግድግዳው ምርጊት ይረግፋል፤ የእሾህ አጥሩን ከብት ያፈርሰዋል። ይህ ሁሉ የሚጠገነው በበጋ ነው።

ታዲያ በየትኛው ቀን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በታሪካችን ውስጥ ደም ያፋሰሰ ጥያቄ ነው። ከሳምንቱ ሰባት ቀናት ውስጥ የእግዚአብሔር የሆነው ስንቱ፣ የጌታው የሆነው ስንቱ፣ የገበሬው የራሱ የሆነውስ ስንቱ ነው?

ሁለቱ ሰንበታት

ዛሬ ከተሜው «ቅዳሜና እሑድ» ሲል በአንድ ትንፋሽ ነው። ሁለቱ ቀናት እንዲህ ተጣምረው የተከበሩት ግን ከረጅም ክርክር በኋላ ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜ እንደ እሑድ ሁሉ መከበር አለበት ብለው አስተማሩ። ከእስክንድርያ የሚሾሙት ጳጳሳት ግን ይህን ትምህርት አልተቀበሉትም። ኤዎስጣቴዎስ አገር ጥለው ተሰደዱ፤ በ1344 ዓ.ም. ገደማም በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከቤተ ክህነት ሹመት ተገልለው በሰሜን ገዳማት ቅዳሜን ማክበራቸውን ቀጠሉ።

በ1396 ዓ.ም. ዐፄ ዳዊት ኤዎስጣቴዎሳውያን እንደ ልማዳቸው ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። ነገሩ የተቋጨው ግን በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በ1442 ዓ.ም. በሸዋ ደብረ ምጥማቅ በተካሄደው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ሊቃውንቱ የተከራከሩት በመጻሕፍት ነው፤ ውሳኔው ሥጋ ለብሶ የታየው ግን በገበሬው ትከሻ ላይ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ቀን ቀንበር ከበሬው ጫንቃ ወረደ።

ይህ ዕረፍት ምን ያህል የገበሬው ንብረት ሆኖ እንደ ነበር የታወቀው ሊነጠቅ ሲሞከር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበሉ ጊዜ፣ በ1612 ዓ.ም. ገደማ፣ የቅዳሜን መከበር ከለከሉ። ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የቅዳሜን ሰንበት የአይሁድ ልማድ አድርገው ያዩት ስለ ነበር አዋጁ ለእነሱ የሃይማኖት ማጥራት ነበር። ለባላገሩ ግን አባቱ ያረፈበትን ቀን መነጠቅ ነበር። በበጌምድር አመፅ ተነሣ፤ ጦርነቱም ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እየዞረ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ቅዳሜም ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ሰንበት የማያስቆመው ሥራ

በሬ መጥመድ፣ እህል መውቃት፣ መፍጨት፣ እንጨት መፍለጥ ሰንበትን መሻር ነው። ከብት ግን ሰንበት አያውቅም። በበጋ ምንጩ ሲነጥፍ ከብቱን ወደ ሩቅ ወንዝ መንዳት፣ ጉድጓድ የገባውን ማውጣት፣ ጥጃውን ማሰር የማይቀር ሥራ ነው፤ ወንጌሉም ይህን አይከለክልም። ከዚህ ሌላ በብዙ ቦታ ልማዱ ራሱ መካከለኛ መንገድ አበጅቶ ነበር። በየወሩ በሚውሉት የመላእክትና የቅዱሳን በዓላት ሞፈር ባይነካም የተዘነጠፈ አጥር ይጠገናል፤ ምንጭ ይጠረጋል፤ ለአንዲት አቅመ ደካማ ባልቴት ጎጆ ይከደናል። ለራስ መሥራት ያስነውራል፤ ለደካማ መሥራት ግን ጽድቅ ነው ይባላል። ደቦ ከነጠላውና ከነዘፈኑ የሚያምረውም በእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የሣር ክዳኑን ሥራ ያየ ሰው አይረሳውም። ሰንበሌጡ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ደርቆ ሲወርድ ይታጨዳል፤ በነዶ ታስሮ ይቆያል። አሮጌው ሣር ይገፈፋል፤ የበሰበሰው ማገር ይለወጣል። ጎልማሶቹ ጣራ ላይ ወጥተው ከታች ወደ ላይ ይደረድራሉ፤ ልጆች ከሥር ነዶ ያቀብላሉ፤ በመጨረሻ ጉልላቱ ይታሰራል። የቤቱ ባለቤት የሚከፍለው ጠላና እንጀራ ነው። ዕዳው ግን አለ፤ ነገ የጎረቤቱ ጣራ ሲያፈስ እሱም ይወጣል። ሥራው የሚጣደፈው ዝናቡን በመፍራት ብቻ አይደለም። የበጋ ነፋስና የደረቀ ሣር ከአንዲት የምድጃ ፍንጣሪ ጋር ከተገናኙ መንደር ያልቃል።

ስለ ሴቶቹም እውነቱን መናገር አለብን። በሰንበት ወፍጮ የማይነካ ከሆነ የሁለቱ ቀን ዱቄት ዐርብ ማታ መፈጨት አለበት። ድንጋይ ላይ ተደፍታ እስከ እኩለ ሌሊት የፈጨች እናት ቅዳሜ ጠዋት «ዐረፈች» ተባለ። እንስራው ግን ቅዳሜም እሑድም ከጀርባዋ አልወረደም፤ በበጋ ደግሞ የውኃው መንገድ ይረዝማል። የሊቃውንቱ ክርክር ይህን አልነካውም። የዐርቡን ሌሊት ያሳጠረላት ጉባኤ ሳይሆን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣው የሞተር ወፍጮ ነው።

የጌታው አጥር

ከእግዚአብሔር ቀናት የተረፉትም ሁሉ የገበሬው አልነበሩም። ገባር የሆነ ሰው ከእህል ግብሩ ሌላ የጌታውን ሁዳድ ያርሳል፤ ቤቱን ይሠራል፤ አጥሩን ያጥራል፤ ሚስቱም ለጌታው ቤት ትፈጫለች። በተለይ በደቡብ ከዐፄ ምኒልክ መስፋፋት በኋላ ይህ ሸክም እጅግ የከበደ ነበር። በበጋ የጌታው ጣራ ሲከደን የገባሩ ጣራ ተራ ይጠብቃል። ስለዚህ ለገባሩ ሰንበት የጸሎት ቀን ብቻ አልነበረም፤ ጌታው ሊያዝዝበት የማይደፍረው ቀንም ነበር። ለቅዳሜ ያን ያህል የተሞተላት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን ይቀራል?

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የጉልበት አገልግሎትን በሕግ አስቀረ። በተግባር ግን ጭሰኛው ደጅ እየጠና እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ቆየ። በዚያ ቀን የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ። ገበሬው የራሱን አጥር በራሱ ቀን ሊያጥር ነው ተባለ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ግን የመንደር ምሥረታ መጣ። ሰው ምሰሶውን ነቅሎ፣ ማገሩን ተሸክሞ በመስመር ወደ ተቀየሰ ቦታ ሄደ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙው ያንኑ ምሰሶ ነቅሎ ወደ ቀድሞ ቀየው ተመለሰ። አንድን ቤት በጥቂት ዓመት ሁለት ጊዜ አፍርሶ ሁለት ጊዜ መሥራት! የስንት በጋ ጉልበት እንደ ፈሰሰ ማን ቆጠረው?

ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ

የገጠሩን በጋ በጸጥታ የለወጡት ግን ሁለት እንግዶች ናቸው። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲገባ የታሰበው በማገዶ እጥረት ለተጨነቀችው አዲስ አበባ ነበር። ቀስ በቀስ ገጠር ወርዶ የገበሬው ምሰሶ፣ ማገር፣ ማገዶና የችግር ቀን ገንዘብ ሆነ። ቆርቆሮ ደግሞ የሣር ክዳኑን ሥራ ተካው። ባለ ቆርቆሮው በየጥቂት ዓመቱ ጣራ አይገፍፍም፤ ከእሳትም ይተርፋል። በበጋ ቀትር ቤቱ እንደ ምጣድ ይግላል እንጂ።

ባለ ቆርቆሮው ግን ጣራ ለመክደን ጎረቤት አያስፈልገውም። ሚስማርና አንድ አናጢ ይበቁታል። ጣራው ከጎረቤት ዕዳ ነጻ አወጣው፤ ያው ዕዳ ደግሞ መንደሩን ያስተሳሰረ ገመድ ነበር። ገበሬውን «ለምን ቆርቆሮ አለበስክ?» ብሎ መውቀስ ለእኛ አይገባንም፤ እኛ ከቆርቆሮ ሥር ተቀምጠን ነውና የምንጽፈው።

ዛሬ ከከተማ ለቅዳሜና እሑድ ወላጆቹን ሊጠይቅ የሚወርድ ሰው አባቱ በእሑድ ከሰዓት አጥሩን እየዞረ የወደቀውን እሾህ በእግሩ ሲያስጠጋ ያየው ይሆናል። «አባባ፣ ዛሬ እንኳ ይረፉ እንጂ» ይለዋል። አባትየው ግን ሥራ እየሠራ አይመስለውም። አባቶቹ ከንጉሥ ጋር ተዋግተው ባቆዩለት ቀን፣ ጌታ በማያዝበት ቀን፣ የራሱን ቤት እየዞረ ነው።