የካሴት ቅኔ፤ ከሐርጌሳ እስከ ሐርትሼክ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍን ጅጅጋ ላይ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የሚፈትነኝ አንድ ጥያቄ አለ። ስለ ደራስያን ውጣ ውረድ ባነሣሁ ቁጥር ተማሪዎቼ «መጽሐፍ ባይኖርስ ኖሮ ምን ይቀር ነበር?» ይሉኛል። በመጽሐፍ ያደግሁ ነኝና መልስ ያጥረኛል። በሶማሊ ቅኔ ታሪክ ውስጥ ግን መልሱ ከቀረበ ቆይቷል።

እንደሚታወቀው ሶማሊኛ ይፋዊ የጽሕፈት ሥርዓት ያገኘው በጥቅምት 1965 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግጥም ይኖር የነበረው በቃል አጥኚዎች ጭንቅላት ውስጥ ነበር። አጥኚው የባለቅኔውን ስም ሳይጠራ ግጥሙን አያሰማም፤ ቃሉንም እንዳሻው መለወጥ ነውር ነው። ቅርጹ ራሱ የማስታወስ አጋዥ ነው። የእኛ ግጥም በስንኝ መጨረሻ ቤት ሲመታ፣ የሶማሊው በቃላት መነሻ ድምፅ ይመታል፤ ያም አንድ ድምፅ ከግጥሙ መጀመሪያ እስከ ፍጻሜው ይዘልቃል።

ይህ ልማድ ከባድ ፈተና የገጠመው በዚያድ ባሬ ዘመን ነው። መሐመድ ኢብራሂም ዋርሰሜ፣ በቅጽል ስሙ ሐድራዊ፣ በሥራዎቹ ሳቢያ ከ1965 እስከ 1970 ዓ.ም. ታሰረ። ሲፈታም አልታረመም። በ1972 ዓ.ም. ገደማ መሐመድ ሐሺ ዳማዕ (ጋሪዬ) ጎሰኝነትን የሚነቅፍ ግጥም ሲያሰማ፣ ሐድራዊና ሌሎች ከሃምሳ የሚበልጡ ባለቅኔዎች በየተራ መለሱለት። ሁሉም በ«ደ» ድምፅ የተገጠሙ በመሆናቸው ሰንሰለቱ «ዴሌይ» ተባለ። አታሚም ሬዲዮም አላገኘም፤ በካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁለቱ ባለቅኔዎች ኋላ ድንበር ተሻግረው፣ ኢትዮጵያን መጠጊያው ካደረገው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ጋር ተቀላቀሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ የተሰበሰበው፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም በ1976 ዓ.ም. ወጥቶ የቀረው በዚሁ መንግሥት ዘመን ነው። የጎረቤትን ባለቅኔ ያስጠጋ ደርግ የራሱን ደራሲ አላስቀመጠም። መጠጊያው ለቅኔ ፍቅር ሳይሆን ለጠላት ጠላት የተሰጠ ነበር። ስለሆነም የኪነጥበብን ጽናት በመንግሥታት ቸርነት ላይ መመሥረት ስሕተት ነው።

በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሲታረቁ ንቅናቄው ወደ ሰሜን ሶማሊያ ገብቶ ተዋጋ፤ ሐርጌሳም በቦምብ ፈረሰች። ሕዝቡ ወደ ጅጅጋ አቅጣጫ ጎረፈ። ከጅጅጋ በስተምሥራቅ የሚገኘው የሐርትሼክ መጠለያ በአንድ ወቅት ከ250,000 በላይ ስደተኞች ይዞ በዓለም ትልቁ ተብሎ ነበር፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። የሬዲዮ ሐርጌሳ ካሴቶችና ክሮች ከጥቃቱ እንዲተርፉ ከፊሎቹ መሬት ውስጥ ተቀበሩ፤ ሌሎቹ ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። ከጦርነቱ በኋላ ተቆፍረው ከወጡትና ከየቦታው ከተሰበሰቡት ከ10,000 የሚበልጡ ካሴቶች ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ይገኛሉ።

ስለ ጠቢባን ጽናት ስንጽፍ ባለቅኔውን ብቻ ማወደስ ለምደናል። ሐድራዊ በእርግጥ ጸንቷል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሲያርፍም ግጥሙ በብዙዎች አፍ ላይ ነበር። ይሁንና ያንን ግጥም እስር ቤት አላቆየውም፤ ያጠኑት፣ የቀዱት፣ የቀበሩት፣ ሲሰደዱ የተሸከሙት አቆዩት። ቤት ንብረቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ከሚይዛት ጥቂት ዕቃ መካከል ካሴት ካለበት፣ ያ ሰው የሥነ ጽሑፍ ታሪክ አካል ነው፤ ስሙ ግን በመጽሐፎቻችን አልተጻፈም።

የካሴት ክር ደግሞ ያረጃል። ስለዚህ አሁን ለተማሪዎቼ ጥያቄያቸውን በሥራ እመልስላቸዋለሁ፦ ወደየቤታችሁ ሂዱና የቀረ ካሴት ካለ ጠይቁ፤ ማን ገጠመው፣ ማን ቀዳው፣ ማንስ ተሸክሞ አመጣው ብላችሁ ጻፉ። ሦስቱም ስሞች በአንድ ገጽ ላይ ይስፈሩ።