የግራስ ቆዳ አልፊዎችና የሽቱ ጥበብ

በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው ግራስ በሽቱ ከመታወቋ አስቀድሞ ቆዳ የሚለፋባት ከተማ ነበረች። ቆዳው ጓንት ከሆነ በኋላም ክፉ ሽታው አይለቀውም ነበርና፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ባለሙያዎቹ በመዓዛ ያሸንፉት ጀመር። አንደኛው ብልሃት ጓንቱን በትኩስ አበቦች መካከል ደርድሮ ማቈየት ነበር፤ ቆዳው ሳይርስና ሳይግል መዓዛውን ይጠጣል። በ1614 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ንጉሥ ሉዊ 13ኛ የፓሪስ ጓንት ሠሪዎች «ጓንትና ሽቱ ሠሪ» ተብለው እንዲጠሩ ፈቀደ። በ18ኛው መቶ ዓመት የግራስ የጓንት ንግድ ሲዳከም፣ ለቆዳ አገልጋይ የነበረው ሽቱ ጌታውን ወረሰ።

መዓዛ ግን ሽታን ይሸፍናል እንጂ ምንጩን አያጠፋም። ስለዚህ የዛሬ ቅርስ ጠባቂ ያረጀውን ጓንት በጥላ ነፋስ ያስመታዋል፤ ወይም ሳያስነካ ከሰል አጠገቡ አኑሮ ይዘጋበታል። በውሃ ቢያጥበው ግን ቆዳው ይኰማተራል፤ የጥበቡም ምስክር አብሮ ይታጠባል።