ጉልቻ ሲለወጥ

ባለፈው በዓል ጊምቢቹ አክስቴ ቤት ነበርኩ። እንጀራ ስትጋግር ኩሽና ገብቼ “ላግዝሽ” ማለቴ ጥፋት ሆነና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንባዬን እየጠረግኩ ወጣሁ። አክስቴ ከውስጥ ሆና “አይ የአዲስ አበባ ዓይን!” እያለች ሳቀችብኝ። ከዚያ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። የዚያን ቀን ሳል አይደለም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሳል ነው።

“ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ይላሉ አባቶች (ኩሽና የማይገቡት ማለቴ ነው)። ስለ ወጡ አልከራከርም። ስለ ጭሱ ግን ክርክር አለኝ። ስለዚህ የዛሬው ወጌ ጉልቻችንን ለመለወጥ ስለተደረገው ሙከራ ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ጭስ ምንድን ነው? ጭስ ማለት ሳይቃጠል ያመለጠ ማገዶ ነው። እንጨት ሲግል ጋዝ ያወጣል፤ ነበልባል ብለን የምናየው የዚያ ጋዝ መቃጠል ነው። ጋዙ ተቃጥሎ እንዲያልቅ በቂ ሙቀት፣ በቂ አየርና ከአየሩ ጋር የሚቀላቀልበት ጊዜ ይፈልጋል። ሦስት ጉልቻ ላይ ንፋስ ከየአቅጣጫው እየገባ እሳቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ያላለቀው ጋዝና ጥላሸት ወደ አክስቴ ሳንባ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ ሞቷል።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ሁለት ምድጃዎች ይዞ ብቅ አለ፤ ለከሰል “ላቀች”፣ ለእንጀራ “ምርጥ”። በኋላ ደግሞ በጀርመኖቹ ድጋፍ ለድስት የምትሆነው “ትክክል” መጣች። (ስማቸውን ልብ በሉልኝ! ምድጃዎቻችን በትሕትና አይታሙም።) ምርጥ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብናኝ የምትሠራ ናት። እሳቱን ዙሪያውን አጥራ ስለምትይዘው ከጉልቻ ጋር ስትወዳደር ማገዶን በግማሽ ያህል ትቀንሳለች። ቀላል ድል አይደለም። ለአንዲት እናት በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት እንደሚቀርላት አስቡት።

ይሁንና ማገዶ መቆጠብና ጭስ ማጥፋት አንድ አይደሉም። ሙቀቱ እንዳይባክን እሳቱን ስታጥረው አየሩም ሊያንስ ይችላል። የትኛው ቀዳዳ ምን ያህል ይስፋ? ምጣዱ ከእሳቱ ምን ያህል ይራቅ? ይህን ለማወቅ የነበረው መንገድ አንድ ነበር፤ መሥራት፣ ማንደድ፣ እንጨት መመዘን፣ ማፍረስ፣ እንደገና መሥራት።

ሌላው መንገድ ማገዶውን መለወጥ ነበር። ከ2004 ጀምሮ ጋያ የተባለው ድርጅት በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል የሚሠራ የስዊድን ምድጃ አዲስ አበባ ውስጥ ሞከረ፤ ቀጥሎም ሶማሌ ክልል ወዳሉት የስደተኛ ካምፖች ወሰደው። ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው። ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል። እንጀራስ? እዚያ ላይ ቆመ። ምድጃው የተፈለሰፈው ለድስት ነዋ!

በዚህ መሃል በሌላው ዓለም እሳት ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። በ1980 የአሜሪካው ሳንዲያ ቤተ ሙከራ የቃጠሎን ኬሚስትሪ የሚያሰላ “ኬምኪን” የተባለ ፕሮግራም አወጣ። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሃይድሮካርቦኖች ሁሉ ቀላሉ ሚቴን እንዴት እንደሚቃጠል ለማስላት የሚያገለግለው ታዋቂ ቀመር 53 ዓይነት ሞለኪውሎችና 325 የኬሚካል ግብረ መልሶች አሉት። እንጨት ከዚያ እጅግ የተወሳሰበ ነው፤ ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ዋና ዋናዎቹን ብቻ ያስቀራሉ። የምድጃውን ሆድ በጣም ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፋፍሉና በየክፍሉ ስንት አየር ገባ፣ ሙቀቱ ስንት ደረሰ፣ ምን ተቃጠለ፣ ምን አመለጠ እያሉ ያሰላሉ። አንድም ሸክላ ሳይሰበር አሥር ምድጃ ስክሪን ላይ ይፈተናል። ከዚያ ጥሩ የመሰለው ብቻ ተሠርቶ በእውነተኛ እሳት ይመረመራል፤ ኮምፒዩተርም ይሳሳታላ!

ታዲያ ፈረንጅ የቀመረውን ለምን አንወስድም? ምክንያቱም ፈረንጅ ምጣድ የለውም። ድስት መሃሉ ላይ ቢግል ይበቃዋል። ምጣድ ግን 60 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሸክላ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 200 ዲግሪ አካባቢ እኩል ካልጋለ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ይህን ስሌት ማንም አይሠራልንም። ደስ የሚለው፣ የጀመሩት አሉ። ካሚል ዲኖ አደምና ደምስ ዓለሙ በ2017 የኢትዮጵያን የእንጀራ መጋገሪያ ቴክኖሎጂዎች ገምግመው ምን እንደጎደለ የሚያሳይ ጥናት አሳትመዋል።

“ኤሌክትሪክ አለ አይደል?” የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ። ጊምቢቹ ያለችበት የሶሮ ወረዳ ኦሞ ወንዝን ይዋሰናል። በዚያው ወንዝ ላይ በ2016 የተመረቀው ጊቤ 3 የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋዋት ነው። ነገር ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ምጣዱን መግዣው፣ መስመሩ፣ ቆጣሪው ሲደመር አክስቴ ቤት እስኪደርስ እንጨቱ ይነድዳል። የሚነድ ከሆነ ደግሞ በደንብ ይንደድ ነው የምለው።

ጉልቻው ቢለወጥ ወጡ ላይጣፍጥ ይችላል። አክስቴ ግን ሳትስል ትስቅብኝ ነበር።

ቸር እንሰንብት።