ታይቶ ያልታየው የጨጓራ ባክቴሪያ

በሀገራችን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ባለሙያ በየቀኑ ደጋግሞ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ጨጓራ» ነው። ታማሚው እጁን ከእምብርቱ በላይ አሳርፎ «ጨጓራዬ ነው» ይላል፤ ባለሙያውም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ቃል እንዳለ በካርዱ ላይ ያሰፍረዋል። ከዚህ ሕመም ጋር ስሙ የሚነሣው ኤች ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ ዛሬ ለማንኛውም የጤና ተማሪ እንግዳ አይደለም። ታሪኩ ግን የስሙን ያህል አይታወቅም። ይህ ባክቴሪያ «ተገኘ» ከመባሉ በፊት ከሰማንያ ዓመታት በላይ በማይክሮስኮፕ ሥር በተደጋጋሚ ታይቷል፤ የታየውም ባወቁ፣ በተማሩና ሥራቸውን በሚያከብሩ ሰዎች ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1893 ጣሊያናዊው ሊቅ ጁሊዮ ቢዞዜሮ በውሾች ጨጓራ ውስጥ ጠመዝማዛ ተሕዋስያን መኖራቸውን ጽፈው አሳወቁ። በ1906 ክሪኒትዝ የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም ተመሳሳይ ተሕዋስያንን የጨጓራ ካንሰር በያዘው ሰው ላይ ተመለከቱ። በ1940 ደግሞ በቦስተን ፍሪድበርግና ባሮን የተባሉ ተመራማሪዎች በቀዶ ሕክምና ከወጡ 35 የጨጓራ ናሙናዎች መካከል በ13ቱ ውስጥ አገኟቸው። ነገሩ ወደ መልስ እየተቃረበ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ በ1954 ኤዲ ፓልመር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም 1180 የጨጓራ ናሙናዎችን መርምረው አንድም ባክቴሪያ እንዳላገኙ አስታወቁ፤ ቀደም ሲል የታዩትም ከአፍ ወርደው ከሞት በኋላ የተራቡ ተሕዋስያን ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ማብራሪያ ሰጡ። ጥያቄው በዚሁ ተዘጋ ማለት ይቻላል። ሺህ የሚያልፍ ቁጥር አፍ ያዘጋል። ፓልመር ናሙናዎቹን የመረመሩት ባክቴሪያውን አጉልቶ በማያወጣው የተለመደ ማቅለሚያ ሲሆን፣ በቦስተን የተሠራበት ግን የብር ማቅለሚያ እንደነበር ልብ ያለው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሐኪሞችን ዓይን የያዘው ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱም አሲድ ነው። ካርል ሽዋርዝ የተባሉ ቀዶ ሐኪም በ1910 የጨጓራ አሲድ በሌለበት ቁስለት እንደማይኖር ካስተማሩ ወዲህ የሕክምናው ዓለም ትኩረት በዚሁ ላይ ረጋ። አሲድን የሚያበርዱ መድኃኒቶችና ወተት ይታዘዙ ነበር፤ የአሲድን ምንጭ ለማድረቅ ወደ ጨጓራ የሚሄደው ነርቭ ይቆረጥ ነበር፤ ለብዙዎች ጨጓራቸው ራሱ በከፊል ተቆርጦ ይወጣ ነበር። ከ1976 ጀምሮ ለገበያ የቀረበው ሲሜቲዲን ቁስለትን በሳምንታት ውስጥ ሲያደርቅ ሐኪሞች በእጅጉ ተደሰቱ፤ ለዚህ መድኃኒት መሠረት የሆነው ምርምርም ሰር ጄምስ ብላክን በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ አድርጓቸዋል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ቁስለቱ ይመለሳል፤ ታማሚውም ለዓመታት ይውጣል። እዚህ ላይ በፍርድ መቸኮል አይገባም። የአሲዱ ትምህርት ሐሰት አልነበረም፤ አሲድ በእርግጥም ያቆስላል። ግማሽ እውነት በመሆኑ ነው አልፎ ለማየት እንዲህ አስቸጋሪ የሆነው። ጨርሶ ስሕተት ቢሆን ኖሮ መድኃኒቶቹ ባልሠሩ፣ ሐኪሞቹም ቀደም ብለው በጠየቁ ነበር።

አንዳንዶች ከጫፍ ደርሰው ተመልሰዋል። በ1975 እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከጨጓራ ንፍጥ ሥር ባክቴሪያዎችን አይተው ነበር፤ ሊያሳድጉት ሲሞክሩ ያገኙት ግን ሱዶሞናስ የተባለውን ሌላ ተሕዋስ በመሆኑ ነገሩ ሳይገፋ ቀረ። በግሪክ ሜሶሎንጊ ከተማ የነበሩት ዶክተር ዮሐንስ ሊኩዲስ ደግሞ ከ1958 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ራሳቸውን፣ ቀጥሎም በርካታ ታማሚዎችን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አክመዋል። የሀገራቸው የሙያ ማኅበረሰብ አላመናቸውም፤ በ1968ም 4000 ድራክማ ተቀጡ። ዶክተር ሊኩዲስ ባክቴሪያውን ለማንም አላሳዩም፤ የንጽጽር ጥናትም አላቀረቡም። ስለዚህ የተጠራጠሯቸውን ሁሉ መውቀስ አግባብ አይሆንም። በ1980 እስኪያርፉ ድረስ ትክክለኛነታቸውን የሚመሰክር አላገኙም።

በምዕራብ አውስትራሊያ በሮያል ፐርዝ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሮቢን ዋረን በጁን 1979፣ 42ኛ ዓመታቸውን በደፈኑበት ዕለት፣ ብርቱ መቆጣት የሚታይበት አንድ የጨጓራ ናሙና ይመረምሩ ነበር። በናሙናው ገጽ ላይ ስስ ሰማያዊ መስመር ተመለከቱ። እንዲህ ያለው መስመር የንፍጥ ቅሪት ወይም የማቅለሚያ ዝቃጭ ነው ተብሎ ሊታለፍ የሚችል ነው፤ የሚጠበቅባቸው መልስም መቆጣቱን መጻፍ ብቻ ነበር። እርሳቸው ግን የማይክሮስኮፑን ጉላት ጨምረው ሲመለከቱ በሕዋሳቱ ላይ የተለጠፉ እጅግ ብዙ ትናንሽ ባክቴሪያዎች አዩ። ባልደረባቸው ተጠራጠሩ። ናሙናው በብር ማቅለሚያ እንደገና ሲዘጋጅ ግን ባክቴሪያዎቹ ጠቁረው፣ ወፍረው ወጡ። ከዚያ ዕለት በኋላ ዶክተር ዋረን በዕለት ተዕለት ሥራቸው በሚደርሷቸው ናሙናዎች ውስጥ ይፈልጓቸው ጀመር፤ ደጋግመውም አገኟቸው። በዚያ ዘመን ተጣጣፊው ኢንዶስኮፕ መስፋፋቱ ሳይበላሽ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና እንዲያገኙ እንደረዳቸው መዘንጋት የለበትም። ያው መሣሪያ ግን በዓለም ዙሪያ በብዙ ሆስፒታሎች ነበር።

በ1981 ለሥልጠናው የምርምር ርዕስ የሚፈልግ ወጣት ሐኪም ወደ ዶክተር ዋረን መጣ፤ ባሪ ማርሻል ይባላል። ዶክተር ዋረን ባክቴሪያው የታየባቸውን ታማሚዎች ዝርዝር ሰጡት። ከእነዚህ መካከል ማርሻል ራሱ ቀደም ብሎ ያያት ሴት ነበረች። ብርቱ የሆድ ሕመም ነበረባት፤ ሕመሟን የሚያስረዳ ምክንያት ስላልተገኘ ወደ አእምሮ ሐኪም ተልካ የድባቴ መድኃኒት ጀምራ ነበር። ለሐኪም ዓይን የማይታይ ሕመም ሁሉ የታማሚው ጭንቀት ተደርጎ መቆጠሩ በፐርዝ ብቻ የሚሆን አይደለም።

ሁለቱ ሐኪሞች በ1982 መቶ ታማሚዎችን ማጥናት ጀመሩ። ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማሳደግ የተደረገው ሙከራ ከ30 በላይ በሆኑ ታማሚዎች ላይ ከሸፈ። እንደ ጉሮሮና እንደ ሰገራ ናሙና ሁሉ ሳህኖቹ በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ካልበቀለባቸው ይጣሉ ነበርና። በፋሲካ ዕረፍት ምክንያት ሳህኖቹ ሳይነሡ አምስት ቀን ሲቆዩ ባክቴሪያው በቀለ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ዕድል ይሉታል። ዕድል ቢሆንም፣ ወደ ሥራ ሲመለስ ሳህኑን በጥያቄ የሚጠብቅ ሰው ነበረው። ጥናቱ ሲጠናቀቅ የዱዎዲነም ቁስለት ከነበረባቸው 13 ታማሚዎች በሁሉም ላይ ባክቴሪያው ተገኘ።

ውጤቱን ለ1983ቱ የአውስትራሊያ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ጉባኤ ሲያቀርቡ ከቀረቡት 67 ጽሑፎች 56ቱ ተቀባይነት ሲያገኙ የእነርሱ ከወደቁት ጋር ተቆጠረ። ባክቴሪያውን ወደ ዐሣማ ለማስተላለፍ የተደረገውም ሙከራ አልተሳካም። በ1984 ዶክተር ማርሻል ጨጓራው ጤነኛ መሆኑን በኢንዶስኮፒ አስመርምሮ ካረጋገጠ በኋላ የባክቴሪያውን ብጥብጥ ጠጣ። በቀናት ውስጥ ያስታውከው ጀመር፤ ትንፋሹም ተለወጠ። በዐሥረኛው ቀን በተወሰደው ናሙና ላይ መቆጣቱም ባክቴሪያውም ታየ። ቁስለት አልወጣበትም፤ ሙከራው ያረጋገጠው መቆጣትን ብቻ ነው። በሽታውን ለመለወጥ የቻለው ባክቴሪያው ሲጠፋ ቁስለቱ የማይመለስ መሆኑን ያሳዩት የ1980ዎቹ መጨረሻና የ1990ዎቹ መጀመሪያ የንጽጽር ጥናቶች ናቸው። በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ባለሙያዎች ጉባኤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲታዘዝ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት ባክቴሪያው ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመዘገበ። ሁለቱ ሐኪሞች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር ዋረን በጁላይ 2024 ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ ትኩረቱ ተገላብጧል። ትላንት በማይክሮስኮፕ ሥር ሊታይ ያልቻለው ባክቴሪያ ዛሬ በየክሊኒኩ ካለ ልክ ይታያል። በሀገራችን ከሕዝቡ በብዙው ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ በመሆኑ መርማሪ ሲፈልገው አያጣውም። በደም የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራም ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት «ፖዘቲቭ» ማለቱን ይቀጥላል፤ በዚህ ሳቢያ ያንኑ መድኃኒት ሁለትና ሦስት ጊዜ የወሰዱ ታማሚዎች ጥቂት አይደሉም። ውጤቱን ያየ ዓይን ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው የለውም። የልብ ሕመም ከእምብርት በላይ ሊያም ይችላል፤ የሐሞት ጠጠርም እንዲሁ፤ በጊዜ ቢታይ ሊቆረጥ ይችል የነበረ የጨጓራ ካንሰርም «ኤች ፓይሎሪ ነው» ተብሎ ወራት ይቆጠሩበታል። ለጉልበታቸው ሕመም ዲክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ የሚውጡ እናት የምርመራ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ለ14 ቀን የሚወሰደው መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል፤ ክኒኑ በነጠላቸው ጫፍ እንደተቋጠረ ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።