የአምስቱ መንደሮችና የካባቸው ዜና

ባሕርን በዳርቻዋ በወሰነ፥ ተራራንም ባጸና በእግዚአብሔር ስም እንጀምራለን። ይህ ዜና በኢጣልያ፥ በሊጉርያ ዳርቻ በገደል ላይ የተሠሩት የአምስቱ መንደሮች ዜና ነው፤ እነርሱም ሞንቴሮሶ፥ ቬርናዛ፥ ኮርኒልያ፥ ማናሮላና ሪዮማጆሬ ናቸው፤ ባንድነት ቺንኩዌ ቴሬ ይባላሉ። ዘመኑ ሁሉ የተቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የምንጽፈውም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ለካቡት ሰዎች ክብር ነው። ዛሬ ከየአገሩ የሚጎርፈው ጎብኚ የዓሣ አጥማጅ መንደር ሊያይ፥ በቀይና በቢጫ የተቀቡትን ቤቶች ሊያደንቅ ይመጣል። መንደሮቹን እዚያ ገደል ላይ ያቆያቸው ግን ዓሣም ቀለምም አይደለም፤ ከበላያቸው ያለው የካብ እርከን ነው።

በ1276 ከዚያ ዳርቻ ብዙው ክፍል ከፊየስኪ መኳንንት እጅ ወጥቶ ለጄኖቫ ገባ። በዚያን ዘመን ጄኖቫና ፒዛ በባሕሩ ጌትነት ይጣሉ ነበር። ኦገስት 6 ቀን 1284፥ የፒዛ ሰዎች የቅዱስ ሲክስተስን በዓል በሚያከብሩበት ዕለት፥ በሜሎርያ ደሴት አጠገብ ገጠሙ። የጄኖቫው አዛዥ ኦቤርቶ ዶርያ መርከቦቹን በሁለት ተራ ከፈለ፤ ሁለተኛውን ተራ ቤኔዴቶ ዛካርያ ይዞ ከኋላ ቆየ። የፒዛ ሰዎች የፊተኛውን ብቻ ቆጥረው ደፍረው ወጡ። ውጊያው በጋለ ጊዜ ዛካርያ በጎናቸው መጣባቸው፤ መርከቦቻቸው ሰጠሙ፥ አዛዣቸው አልቤርቶ ሞሮሲኒ ተማረከ፥ በሺህ የሚቆጠር ሰውም ታስሮ ወደ ጄኖቫ ተጋዘ። በ1290 ደግሞ ጄኖቫ የፒዛን ወደብ አፈረሰች፤ የወደቡንም መዝጊያ ሰንሰለት ወስዳ በከተማዋ በሮች ላይ ሰቀለችው። እግዚአብሔር ድልን ለወደደው ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ መንደሮቹ በጄኖቫ ጥላ ሥር ሆነው አብያተ ክርስቲያናታቸውን አቆሙ። የቬርናዛዋ ቅድስት ማርጋሪታ ስም በ1318 ተጽፎ ይገኛል፤ የኮርኒልያው በ1334፥ የማናሮላው በ1338፥ የሪዮማጆሬው በ1340 ተሠሩ። ይህን ያህል የተጠረበ ድንጋይ የሚያስጠርብ ሀብት ከመረብ ብቻ ተገኘ ማለት ያስቸግራል። ቦካቺዮ በዚያው በ14ኛው መቶ ዓመት በጻፈው በዴካሜሮን ውስጥ ኮርኒልያን የሚያነሣት በዓሣዋ ሳይሆን በወይን ጠጇ ነው፤ ዝናዋ እስከ ፍሎሬንስ ደርሶ ነበርና።

ካቡም እንዲህ ነው። ኖራ የለው፥ ጭቃ የለው። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይቀመጣል፥ ፊቱም ወደ ተራራው ጥቂት ያዘነብላል፤ ከኋላው ጠጠር ይጠቀጠቃል፥ ዝናብ ሲመጣ ውኃው በጠጠሩ መካከል እየተጣራ እንዲወጣ። ከላዩ በሰው ጀርባ የተሸከሙት አፈር ይደለደላል፥ ወይንም ይተከላል። ከዚያ ወይን የተሻለው ተመርጦ በጥላ ይደርቃል፤ ሲኮማተርም ፍሬው በእጅ ተለቅሞ ይጨመቃል፥ ሻኬትራ የሚባለው ጣፋጭ ወይን ጠጅ ይወጣዋል። ኮንሶን ያየ ኢትዮጵያዊ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ያም ካብ እንደዚህኛው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነውና።

ከ1340 በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። ከባሕር ወንበዴ ይመጣ ነበር፥ ሕዝቡም ግንብ ሠራ። በ1869 በጎረቤት ከተማ በላ ስፔዝያ የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያ ተከፈተ፥ በ1874 ባቡር መጣ። ወጣቱም ደመወዝ ወዳለበት ወረደ፤ በ1920ዎቹ የወይን ሥር የምታጠፋው ፊሎክሴራ ስትገባ ብዙው ካብ ባለቤት አጣ።

«ታዲያ ዓሣ አጥማጆች አልነበሩምን?» የሚል ቢነሣ፥ ነበሩ እንላለን። የሞንቴሮሶ ሴቶች አንቾቪ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ራሱን ቆርጠው ሆድ ዕቃውን አውጥተው፥ ተራ በተራ ከጨው ጋር እየደረደሩ፥ ድንጋይ ጭነው ያኖሩት ነበር፤ ይህ ሙያ ዛሬም አለ። ነገር ግን ኮርኒልያ ከባሕር መቶ ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፥ ወደብ የሌላት መንደር ናት። በማናሮላም ጀልባው በማንሻ ከውኃ ይወጣል፤ የሚያስጠጋው ስፍራ የለምና። በዓሣ ብቻ ሊኖር ያሰበ ሕዝብ እንዲህ ያለ ቦታ አይመርጥም።

ሌላውም እንዲህ ይላል፦ «ተራራውን ያረሰው ሰው ነው፤ ቢተወው ወደ ዱርነቱ ይመለስ።» ለዚህ ኦክቶበር 25 ቀን 2011 ይመልሳል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ የወረደው ዝናብ ከተራራው አፈርና ድንጋይ ይዞ ቬርናዛንና ሞንቴሮሶን በጭቃ ቀበራቸው፤ ሰዎችም ሞቱ፥ ነፍሳቸውን ይማር። የዚያን ቀን ዝናብ በተጠበቀውም ካብ ላይ ጉዳት አድርሷል፥ አንክድም። ቢሆንም የተተወ እርከን ባንድ ጊዜ ደን አይሆንም፤ ካቡ ሲናድ በላዩ ያለው ቀጭን አፈር የሚይዘው አያገኝም፥ ሲወርድም መንገዱ በመንደሩ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ጎብኚ ባይመጣ መንደሮቹ ባዶ በቀሩ ነበር» የሚለው ነው። እውነት አለው። በ1997 ዩኔስኮ መዘገባቸው፥ በ1999 ብሔራዊ ፓርክ ሆኑ፤ አራት ሺህ ያህል ሰው በሚኖርበት ስፍራ በዓመት በሚሊዮን የሚቆጠር እንግዳ ይገባል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ገንዘብ በባሕሩ ዳር፥ በአልጋና በምግብ ላይ ይቀራል፤ ወደ እርከኑ የሚወጣው ጥቂት ነው። ከሪዮማጆሬ እስከ ማናሮላ ያለው «የፍቅር መንገድ» የተባለው የእግር መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በ2012 ድንጋይ ወርዶ ሰዎችን ካቆሰለ በኋላ እንደገና የተከፈተው በ2024 ነው። ገንዘብ ባለበት ስፍራ ይህን ያህል ከቆየ፥ ጎብኚ የማይደርስበትን ካብ ማን ይጠብቀዋል? በ2018 ዩኔስኮ ያለ ኖራ የመካብን ጥበብ ራሱን መዘገበ፤ መልካም አደረገ፥ መዝገብ ግን ድንጋይ አያነሣም።

ወደዚያ የምትሄድ አንባቢ ሆይ፥ ከባቡር ወርደህ ቀለሙን አይተህ አትመለስ። ወደ እርከኑ ውጣ፤ በካቡ ላይ አትራመድ፥ ድንጋዩንም አታንሣ። ወይን ጠጁን የካቡን ባለቤት ጠይቀህ ከእጁ ግዛ፤ ዋጋው ቢበዛብህም አትከራከረው።